ኮሮና በዓይኔ ሲመጣ

መጀመሪያ የቀላው ግራ ዓይኔ ነው። ሳል የለ፣ ትኩሳት የለ። አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል፣ እንባው አያባራም። ስልክ ላይ አፍጥጬ ስላመሸሁ ነው ብዬ ናቅኩት። በማግስቱ ጉሮሮዬ ሲከረክረኝ ተመረመርኩ፤ ኮሮና ሆኖ አረፈው።

ማታ መሳቢያ ስበረብር ድሮ ለአለርጂ የታዘዘልኝ ጠብታ አገኘሁ። አንገቴን ቀና አድርጌ ልጨምር ስል ብልቃጡ ላይ «ዴክሳሜታዞን» የሚል አየሁና እጄን ሰበሰብኩ። ለዓይን ሐኪም ደወልኩ።

«ጣለው» አለችኝ። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ነው፤ ስቴሮይድ ደግሞ ቅላቱን ቶሎ ያጠፋል። የቅላቱ መነሻ የሄርፒስ ቫይረስ ከሆነ ግን ኮርኒያን፣ ማለትም የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን፣ ሊጎዳ ይችላል፤ ሲዘወተርም የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ የሚባለውን፣ የዓይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። አንቲባዮቲክስ? ቫይረስ ላይ አይሠራም። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፦ እይታህ ደብዝዟል? ውስጡን ያምሃል? ብርሃን ያስጨንቅሃል? አንዱም ቢኖር በዚያው ቀን እንድመጣ አዘዘችኝ። አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ ባይሆንም፣ በኮሮና ሰበብ የሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ደም ሥር በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላልና።

የኔ ግን እንዲያ አልነበረም። ሰው ሠራሽ እንባ፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ኮንታክት ሌንስ አለማድረግ፣ በቃ። ጠዋት ጠዋት ሽፋሽፍቴ በዓይናር ተጣብቆ ስነሳ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጥጥ ነክሬ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ እጠርጋለሁ። አንዴ ጠርጌ ጥጡን እጥላለሁ።

ለምን ዓይን? ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት ኤሲኢ2 የሚባለው ፕሮቲን ዓይናችን ላይም አለ። እንባም በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፤ ስናለቅስ ንፍጥ በንፍጥ የምንሆነው ለዚህ ነው። በቻይናዋ ዉሃን ከተማ ስለ ቫይረሱ ቀድሞ ያስጠነቀቀውና በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በዚሁ በሽታ የሞተው ሊ ዌንሊያንግ ራሱ የዓይን ሐኪም ነበር። በሽታው የያዘው ምንም ምልክት ካልነበራት የግላኮማ ታካሚ እንደሆነ ያምን ነበር።

በአራተኛው ቀን ቀኝ ዓይኔም ቀላ። ሁለቱን በአንድ ፎጣ ሳደርቅ ነበር! ተናድጄ ወረቀት አስቀመጥኩ፤ እጄ ዓይኔ ጋ በሄደ ቁጥር ጭረት። እስከ ምሳ ሰዓት 23 ጭረት ሆነ። አንዱንም ሆን ብዬ አልነካሁትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለቱም ነጡ። ኮንታክት ሌንሱን ከነማስቀመጫው ጥዬ አዲስ ገዛሁ። ወረቀቱ ግን እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ዛሬ 9 ላይ ነኝ።