ተጠይቆ እሺ ማለት

ሰሞኑን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። «አክሲድ» (accede) ይባላል። ያመጣችብኝ ሕግ የምትማረው የእህቴ ልጅ ናት። ጣና ዳር ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ አግሪም መስማማት ነው፣ ይሄም መስማማት ነው። ሁለቱን ምን ለያቸው?» አለችኝ።

ሰው ሐሳቡን ሲነግረኝ፣ እኔም እንደዚያው ካሰብኩ አግሪ በቂ ነው። አክሲድ ግን ከፊቱ ጥያቄ ይፈልጋል። አንዱ ጠይቋል፣ ሌላው እያመነታም ቢሆን እሺ ብሏል። ሥሩ ላቲን ነው፤ ወደ አንድ ነገር መቅረብ ማለት ነው። ንጉሥ ዙፋን ላይ ሲወጣም ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ። የደብዳቤና የውል ቃል ነው፤ በጓደኛሞች ወሬ ላይ አይሰማም።

በሽምግልና ነው ያስረዳኋት። ሽማግሌዎች ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ አባት ወዲያው እሺ አይልም። «እስኪ እንመካከር፣ ተመለሱ» ይላል። ተመልሰው ሲመጡ የሚሰጠው እሺታ፣ እሱ አክሲድ ነው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የአገሮቹ አክሲድ ነው። አንድን ስምምነት ከመጀመሪያው የፈረመ አገር ኋላ ያጸድቀዋል። የፊርማው ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚመጣ አገር ደግሞ አክሲድ አድርጎ በአንድ ጊዜ ይገባበታል። የናይልን ውሃ የሚጋሩት አገሮች ያዘጋጁትን የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን አስቡት (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ2010 ኡጋንዳ ውስጥ፣ ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ ሲቀርብ ደቡብ ሱዳን ገና አገር አልሆነችም። ለመፈረም የተሰጠው አንድ ዓመት ነበር። እሷ ነጻ የወጣችው በጁላይ 2011፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስምምነቱ ሥራ ላይ እንዲውል 6 አገሮች ያስፈልጉት ነበር። ኢትዮጵያ በ2013 አጸደቀች፤ ስድስተኛዋ አገር እስክትገኝ ግን ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ቁጥሩን የሞላችው ያችው ደቡብ ሱዳን ናት፤ በአክሲድ። ስምምነቱም ኦክቶበር 13 ቀን 2024፣ በእኛ ጥቅምት 3 ቀን 2017፣ ሥራ ላይ ዋለ። ያኔ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

የደስታዬ ምክንያት እዚሁ ባሕር ዳር ነው፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ። በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት ዓባይ፣ ጣና ወይም የሶባት ወንዝ ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ላለመሥራት ቃል ገቡ። ጣና በስሙ ተጠርቷል። ይህ ቢያንስ ተጠይቀን የተሰጠ መልስ ነው። በ1959 ግን ግብጽና ሱዳን ውሃውን ለሁለት ሲካፈሉት፣ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ለግብጽ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ሲሉ፣ እኛን የጠየቀን የለም። ግብጽ፣ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ሆኖ ሳለ! ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል። በ1969 የወጣው የቪየናው የውል ሕግ ስምምነት ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል፤ ውል ያልተስማማበትን ሦስተኛ አገር ግዴታ ውስጥ አያስገባም።

የእህቴ ልጅ ቀጥላ «ግብጽስ አንድ ቀን አክሲድ ታደርግ ይሆን?» አለች። የማዕቀፍ ስምምነቱ በር አልተዘጋም። የሚያጣላው በዋናነት አንድ አንቀጽ ነው፣ ስለ ውሃ ዋስትና የሚያወራው 14 ለ። የላይኞቹ አገሮች «የሌላውን አገር የውሃ ዋስትና በጉልህ አለመጉዳት» ይበል አሉ። ግብጽና ሱዳን ደግሞ «አሁን ያለ አጠቃቀምና መብት» የሚለውም እንዲገባ ፈለጉ። ይህ ቢገባ የ1959ኙ ክፍፍል በጓሮ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ አንቀጹ ወደፊት ለሚቋቋመው የተፋሰሱ ኮሚሽን በይደር ተተወ። እኔ ግብጽ እንድትመጣ ከልቤ እፈልጋለሁ። ግን ያቺን ሐረግ ይዛ አይሁን።