ሁለት ደመወዝ ትተን በአንድ ደመወዝ

እሑድ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ሜልበርን

ነገ የአውስትራሊያ የበጀት ዓመት ይዘጋል። እዚህ ሒሳብ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጁን 30 ሲሆን፣ እኛ አገር ደግሞ በራሳችን ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 11 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ሳገለግል ይህ ሰሞን በየዕለቱ አምሽቼ የምገባበት ነበር። ዛሬም አምሽቻለሁ፤ ነገር ግን ልጆቹን አስተኝቼ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋሁት የአንድ ቤተሰብ መዝገብ ነው፤ በገቢው ዓምድ ላይ ያለውም የባለቤቴ ስም ብቻ ነው።

ከመምጣታችን በፊት የሠራሁትን ሠንጠረዥ እስካሁን አልጣልሁትም። በ2015 ዓ.ም. አንድ የአውስትራሊያ ዶላር በባንክ ምንዛሪ 36 ብር ገደማ ስለነበረ፣ አንድ መሐንዲስ ሜልበርን ውስጥ የሚያገኘውን ደመወዝ ወደ ብር መንዝሬ ስመለከት የሁለታችን የአዲስ አበባ ደመወዝ ተደምሮ እንኳ አጠገቡ የሚደርስ አልነበረም። «አንዳችን ብንሠራ ይበቃናል» ያልነው በዚያ ቁጥር ተማምነን ነው። ገቢውን በሜልበርን ዋጋ፣ ወጪውን ግን በአዲስ አበባ ልማድ ገምቼ ነበር፤ ይህን ስሕተት አንድ ጀማሪ ሠራተኛ ቢያመጣልኝ ኖሮ ሰነዱን ሳልፈርም እመልስለት ነበር።

የቤት ኪራዩ ደግሞ ከዚህ የባሰ አሳፍሮኛል። እዚህ ኪራይ የሚነገረው በሳምንት ስለሆነ 450 ዶላር የተባለውን በአራት አባዝቼ በወር 1,800 ብዬ ጻፍሁ። ዓመት ግን 52 ሳምንት እንጂ 48 ሳምንት አይደለም። ወኪሉ 450ን በ52 አባዝቶ ለ12 ሲያካፍለው የወሩ ኪራይ 1,950 ሆኖ መጣ፤ በዓመት 1,800 ዶላር፣ ማለትም ልክ የአራት ሳምንት ኪራይ ከእጄ አምልጦኛል ማለት ነው። በዚያ ላይ የአንድ ወር ኪራይ ማስያዣ አለ፤ ደግነቱ ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ማስያዣው በአከራዩ ኪስ ሳይሆን በመንግሥት ተቋም ነው የሚቀመጠው። ቤቱን ለማግኘት በራሱ የደመወዝ ማስረጃና የቀድሞ የኪራይ ታሪክ ይጠየቃል፤ ባለቤቴ ሥራ እስኪይዝ ሁለት ወር ስለፈጀበት እኛ ሁለቱም አልነበሩንምና እነዚያን ወራት በአንድ ዘመዳችን ቤት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን አሳለፍናቸው።

ስለ ግብሩ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ከሒሳብ ባለሙያ በቀር የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። አውስትራሊያ የገቢ ግብርን የምታሰላው በግለሰብ እንጂ በቤተሰብ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው በዓመት እስከ 18,200 ዶላር ድረስ ግብር አይከፍልም። እኔ ግን ገቢ ባይኖረኝም የእኔ ድርሻ ለባለቤቴ አይተላለፍም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። በዚህ ዓመት መጣኔ አንድ ሰው ብቻውን 100,000 ዶላር የሚያገኝበት ቤት፣ ባልና ሚስት 50,000፣ 50,000 ከሚያገኙበት ቤት ከ9,000 ዶላር በላይ የበለጠ ግብር ይከፍላል። በእኛም አገር የደመወዝ ግብር በግለሰብ ነው የሚቆረጠው፤ ሁለታችንም ደመወዝተኞች ስለነበርን ግን ይህ ነገር ከዓይኔ ተሰውሮ ኖሯል።

ይህ ሁሉ ግን ተደምሮ፣ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ያለፈችውን ሳምንት አያህልም። ባለቤቴ ሥራ ከጀመረ ሁለት ወር ሳይሞላው ኃይለኛ ጉንፋን ያዘው። ቋሚ ሠራተኛ በዓመት 10 ቀን የሕመም ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ያገኛል፤ ፈቃዱ የሚጠራቀመው ግን በሠራበት ጊዜ ልክ ነውና የእሱ ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም ነበር። አምስት ቀን ተኛ፤ የሙከራ ጊዜውንም ገና አልጨረሰም። እኔ ሾርባ ይዤ ስገባና ስወጣ ትኩሳቱን እየለካሁ በልቤ ግን የምለካው ሌላ ነገር ነበር፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። እንደኛ በሙያ ተመርጦ የመጣ ቤተሰብ ቋሚ ነዋሪ ቢሆንም ሥራ ቢያጣ ለሥራ አጥ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ ለማግኘት አራት ዓመት መጠበቅ እንዳለበት አውቃለሁ። ሐኪም ቤት በሜዲኬር፣ ማለትም በመንግሥት የጤና መድን፣ የመንግሥት ትምህርት ቤትም ያለ ክፍያ አለልን፤ ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ደመወዙ ቢቋረጥ ግን ከእኛ በስተኋላ ያለን ያ አዲስ አበባ የተውነው ቁጠባ ብቻ ነበር።

እሱም ቢሆን ብዙ አልቆየም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ብለን በባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ በዶላር ሲታይ በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። በዚያው ወቅት ዘመዶቻችን «አሁንማ ዶላራችሁ ተባዛ!» እያሉ ይደውሉልን ነበር። በእነሱ በኩል ቆሞ ላየው ሐሰት አይደለም። ለእናቴ በየወሩ የምልከው 100 ዶላር አዲስ አበባ ሲደርስ ብዙ ብር ይሆናል፤ ከዚህ ሲነሣ ግን ያው 100 ዶላር ነው፤ ደግሞም ከባለቤቴ ደመወዝ የሚነሣ ነው። እሱ አንድም ቀን ቅር ብሎት አያውቅም። ቅር የሚለው እኔን ነው፤ እናቴን በራሴ ላብ እጦር ነበርና።

«አንቺስ ለምን አትሠሪም?» የሚሉኝ አሉ። ትንሿ ልጄ ዘንድሮ የሦስት ዓመት መዋዕለ ሕፃናት ገብታለች፤ በቪክቶሪያ ይህ በነፃ ነው፤ ነገር ግን የእሷ በሳምንት 10 ሰዓት ብቻ ስለሆነ በዚያ ውስጥ የሚገባ የሒሳብ ሥራ አላገኘሁም። ሙሉ ቀን ልጅ የሚያቆዩት ማዕከላት በቀን ከ100 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ፤ የመንግሥት ድጎማው ከተቀነሰ በኋላ እንኳ እንደ ጀማሪ ተቀጥሬ የማገኘውን አብዛኛውን ይወስደዋል። ባመለከትሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ደግሞ የሚጠየቀው የአገር ውስጥ ልምድ ነው፤ የእኔ 11 ዓመት እንደ ልምድ አልተቆጠረም።

ትናንት ከሰንሻይን ሰፈር በባቡር ወደ ሌላው የሜልበርን ሰፈር፣ ወደ ፉትስክሬይ፣ ሄጄ ነበር። እንጀራ ከምንገዛበት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስድስት የቡና ሲኒዎች አየሁ፤ አፋቸው ላይ የወርቅ ቀለም የዞረባቸው፣ ሳንመጣ ለጎረቤት የሰጠኋቸውን የሚመስሉ ነበሩ። ስልክ አውጥቼ ወደ ባለቤቴ ደወልሁና «ልግዛ?» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለ። «አንቺ ደግሞ፣ መቼ ነው እኔን አስፈቅደሽ ሲኒ የገዛሽው?» አለኝ፤ ድምፁ ላይ የነበረው ቁጣ ሳይሆን ድንጋጤ ነበር። የምመልሰው ስላጣሁ እንጀራውን ብቻ ይዤ ተመለስሁ።

የሲኒዎቹ ዋጋ 18 ዶላር ነው። አሁን የዘንድሮውን መዝገብ ደምሬ ካሰመርሁበት በኋላ፣ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከኪራዩ በላይ በቀዳሚው መስመር ጽፌዋለሁ።