በአንድ ሳሎን ሦስት ጥያቄ፦ የ2018ቱ የአውሮራ ምርጫ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ የኖረ አበሻ የ2018ቱን የኮንግረስ ምርጫ አይረሳውም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብትገባ፣ ሃቫና መንገድ ላይ ምሳ ልትበላ ብትቀመጥ፣ ወሬው አንድ ነበር። የምክር ቤት አባሉ ኮፍማን ወይስ ዴሞክራቱ ተፎካካሪያቸው ክሮው?

ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማን ለእኛ እንግዳ አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያናችን ይመጣሉ፣ በዓላችን ላይ ይገኛሉ። ኤች አር 128 የተባለው የኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ውሳኔ ለድምፅ እንዲቀርብ ከተሟገቱትም አንዱ ናቸው። ውሳኔውን ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ሲሆኑ፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2018 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። አስገዳጅ ሕግ አልነበረም። ግን አገር ቤት አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነበረች፤ ዘመድ የታሰረበት ብዙ ነው። የዚያን ቀን ያለቀሰ ሰው አውቃለሁ።

ስለዚህ ለኮፍማን ልንቀሰቅስ ስንወጣ የያዝነው ይህንኑ ነበር። "ባለውለታችን ናቸው" እያልን የአፓርትመንት ደረጃ እንወጣለን፣ እንወርዳለን።

ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ያለ አንድ ቤት ግን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። የቤቱ አባወራ ገና "ኤች አር" ስል "ግባ፣ ግባ!" አሉኝ። ኮሎራዶ ውስጥ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ እቤት ድረስ ስለሚመጣ፣ የሦስቱም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ገና ቡናው ሳይቀዳ ልጃቸው ከሶፋው ላይ ቀና አለችና "አባዬ፣ እኔ ክሮውን ነው የምመርጠው" አለች።

አባት ደነገጡ። እሷ ግን አልጮኸችም። ትምህርት ቤት መብራት አጥፍተው፣ በር ቆልፈው፣ ጠረጴዛ ሥር ተደብቀው እንደሚለማመዱ ነገረችን። በ2012 አሥራ ሁለት ሰው የተገደለበት ሲኒማ ቤት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ጄሰን ክሮው ደግሞ የቀድሞ ወታደር ሆነው ሳለ የጦር መሣሪያ ሕጉ ይጥበቅ እያሉ ነበር የሚወዳደሩት። "ኢትዮጵያን እወዳለሁ አባዬ፤ የምማረው ግን እዚህ ነው" አለች።

ይሄኔ እናትየው ከኩሽና ወጡ። "የእናንተን ተዉትና፣ ያንን ፌርማታ ማነው የሚሠራልኝ?" የሌሊት ሺፍት ነው የሚሠሩት፣ ጽዳት። 15 ቁጥር አውቶቡስን የሚጠብቁት መጠለያም መቀመጫም በሌለበት ነው። በረዶ ሲጥል እግራቸው እንዴት እንደሚያብጥ አሳዩኝ። የያዝኩት ወረቀት ላይ ስለ ፌርማታ አንድ ቃል አልነበረም።

በሕጉ ከሄድን ፌርማታ የኮንግረስ ሥራ አይደለም። አውቶቡሱ የራሱ ተመራጭ ቦርድ ያለው የክልሉ ትራንስፖርት ድርጅት ነው፤ የእግረኛ መንገዱ የከተማው። ግን "እኔን አይመለከተኝም" ብሎ የሚያልፍ እጩ አልወድም። ገንዘቡ ከዋሽንግተንም ይመጣልና። ኮልፋክስ ላይ ለሚሠራው ፈጣን የአውቶቡስ መስመር የፌዴራል ገንዘብ ገብቶበታል። የምክር ቤት አባላት ለየወረዳቸው ፕሮጀክት በስም በጀት መጠየቅ በ2011 ተከልክሎባቸው ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ ተመልሷል።

ሌላም አለ። የኮንግረስ አባል የሰፈር ቢሮ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውስጥ የቆመ ፋይል የት እንደደረሰ ይጠይቅልሃል። የባሏ ቪዛ ተንጠልጥሎ የቀረባት አንዲት ጎረቤቴ ሄዳ የፈቃድ ፎርም ፈረመች። ቢሮው ቪዛ አይሰጥም፣ ውሳኔም አያስለውጥም። ጠይቀውላት ግን የጎደለው ወረቀት የትኛው እንደሆነ ታወቀ። ሪፐብሊካን ነሽ ዴሞክራት ብሎ የጠየቃት የለም። ይህንን አገልግሎት የማያውቅ ስንት ወገን አለ!

ኮፍማን ከአሥር ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት ተሸነፉ። ሰፈሩን ስለረሱ አይመስለኝም። ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ እጅግ የዘገየው የአውሮራ የአርበኞች (የቀድሞ ወታደሮች) ሆስፒታል ጉዳይ ላይ ለዓመታት ሲወተውቱ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተከፈተ። ግን የዚያ ዓመት መራጭ ዓይኑ ትራምፕ ላይ ነበር። አገራዊው ንፋስ ሲነሳ አንድ ሰው በየሰፈሩ የሠራውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ይህ ያሳዝነኛል። በቀጣዩ ዓመት ኮፍማን በጠባብ ልዩነት የአውሮራ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። የእግረኛ መንገዱ ጉዳይ አሁን እሳቸው በር ላይ መጣ።

አንድ የምክር ቤት አባል ከ700 ሺህ በላይ ሕዝብ ነው የሚወክለው፣ ለዚያውም ለሁለት ዓመት። ካልጠየቅነው ከየት ያውቃል? እጩ አዳራሻችን ሲመጣ ስለ ኢትዮጵያ ብቻ ጠይቀን፣ ፎቶ ተነስተን የምንበተነው ነገር ይቆጨኛል። ስለ አገራችን እንጠይቅ፣ አንተወውም። የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ አውቶቡሱንም እንጨምር።

ለአዘጋጆቹ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የእጩዎችን ስብሰባ ማታ አታድርጉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ማታ ከሆነ የሌሊት ሺፍት የሚሠሩት እናቶች አውቶቡስ እየጠበቁ ነው።