ዓሣ የሌለበት ገንዳ

ዛሬ 33ኛ ቀኑ ነው። ገንዳው በውሃ ተሞልቷል። ማጣሪያው ቀን ከሌት ይሠራል፣ ማሞቂያው ውሃውን 27 ዲግሪ ላይ ይዞታል። ዓሣ ግን የለበትም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ መስታወቱ ላይ ግንባሯን ትለጥፋለች። "እማዬ፣ ዛሬስ?" ትለኛለች። "ገና ነው የኔ ልጅ" እላታለሁ። ወር ሙሉ እንዲህ ተባብለናል።

ዛሬ ማታ መልሱ የሚቀየር ይመስላል። ለዚህ ነው እንቅልፍ እምቢ ያለኝ።

መጀመሪያ ያለፈውን ዓመት ልጻፍ። ያኔ ገንዳውን ሞላሁ፣ አንድ ሌሊት አሳደርኩት፣ በማግስቱ 6 ትንንሽ ዓሣዎች አስገባሁበት። ውሃው ኩልል ያለ ነበር። ኩልል ያለ ውሃ ንጹሕ ነው ብዬ አምን ነበር። በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከውሃው ፊት ላይ አድርገው፣ ስንጥባቸው በፍጥነት ሲርገበገብ አገኘኋቸው። ሳምንቱ ሳያልቅ አንድም አልቀረም። ልጄ የመጨረሻውን ስትቀብር ምን እንደገደለው ጠየቀችኝ። በሽታ ነው አልኳት። በሽታ አልነበረም።

የገደላቸው ከራሳቸው ገላ የወጣው ነው። ዓሣ የበላው ፕሮቲን ሰውነቱ ውስጥ ሲፈጭ አሞኒያ ይሆናል፣ አብዛኛውም በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ይወጣል። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን ውሃው ሰፊ ነው፣ አሞኒያውን የሚበላም አለ። የእኔ ገንዳ 60 ሊትር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚበላው ማንም አልነበረበትም። ባዶ ቤት አስገብቼ በር ዘጋሁባቸው። ይህን ያወቅሁት ከሞቱ በኋላ መሆኑ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። በልተው ናይትራይት ያወጣሉ። እሱም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ይሄዳል። ከዚያ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይመጡና ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬቱን በጣም ካልበዛ ዓሣ ይችለዋል፣ እኛም ውሃ እየቀየርን እናስወጣዋለን። ነገሩ ሁለት እርምጃ መሆኑን የባክቴሪያ ተመራማሪው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ አሳይቶ ነበር፤ እሱ ያጠናው ግን አፈር ነው። ገንዳ ውስጥ ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ለረጅም ጊዜ ሲባል እንደኖረው ናይትሮባክተር የተባለው ባክቴሪያ ሳይሆን በዋናነት ናይትሮስፓይራ የተባለው መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሁለቱንም እርምጃ ብቻውን የሚጨርስ ናይትሮስፓይራ ተገኘ። ሳሎኔ ጥግ ላይ ባለ መስታወት ውስጥ ሳይንቲስቶች በቅርቡ የደረሱበት ነገር እየተካሄደ መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ አይደሉም። ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። ድሮ ስፖንጁን ቧንቧ ሥር ይዤ አጥበው ነበር። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ባክቴሪያ ለመግደል የተጨመረ ነው። አሁን ስፖንጁ ሲደፈን ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። አዲስ ውሃ ከመጨመሬ በፊትም ክሎሪን ማጥፊያ ጠብ አደርግበታለሁ።

አዝጋሚዎች ናቸው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናሉ። እነዚህ ግን ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከቀን በላይ ይፈልጋሉ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቂ የተባልኩት ለዚህ ነው። ከጤነኛ ገንዳ ያገለገለ ስፖንጅ ያገኘ ሰው በጣም ያሳጥረዋል። እኔ አላገኘሁም።

በዚህኛው ዙር ዓሣ ሳላስገባ አሞኒያውን ራሴ ጨመርኩ። ሽታም ቀለምም ያልተጨመረበትን ንጹሕ አሞኒያ ፈለግሁ። ጠርሙሱን ወዝውዞ ማየት ነው፤ አረፋው ከቆየ ሳሙና አለበት ማለት ነውና አይሆንም። በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪደርስ ጠብታ በጠብታ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ውሃው ወተት የፈሰሰበት መሰለ፤ በሁለት ቀን ራሱ ጠራ። ለካ እነዚያ ሌሎቹ፣ ፈጣኖቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። በ9ኛው ቀን የናይትራይት መመርመሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ወይን ጠጅ ቀለም አሳየኝ። መርዝ ማየት እንዲህ ያስደስታል ብዬ አስቤ አላውቅም! በ14ኛው ቀን ማታ የጨመርኩት አሞኒያ በማግስቱ ማታ የለም፤ የመመርመሪያው ቱቦ ቢጫ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ገብተዋል።

ከዚያ ሁሉ ነገር ቆመ። ናይትራይቱ ንቅንቅ አልልም አለ። 18ኛ ቀን ወይን ጠጅ፣ 20ኛ ቀን ወይን ጠጅ፣ 22ኛ ቀንም ያው። አሞኒያውም እንደገና ሳይጠፋ መቆየት ጀመረ። እዚህ ላይ ተስፋ ልቆርጥ ደርሼ ነበር። በመጨረሻ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) መለካት ትዝ አለኝ። ስጀምር 7.6 የነበረው ወደ 6 ወርዷል።

ምክንያቱን ሳነብ ገባኝ። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ሲለውጡ አሲድ ይፈጠራል። ያን አሲድ የሚያለዝበው ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት ነው። አዲስ ውሃ ሳልጨምር ሦስት ሳምንት ስመግባቸው ካርቦኔቱ አለቀ፣ እነሱም ሥራ አቆሙ። አልሞቱም። ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፣ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳም በጥብጬ ጨመርኩ። ፒኤቹ 7.4 ላይ ወጣ፣ በሁለተኛው ቀን አሞኒያው እንደገና መጥፋት ጀመረ። ዓሣ ቢኖርበት ኖሮ ይህን በድንገት አላደርገውም። አሞኒያ በዝቅተኛ ፒኤች አብዛኛው ጉዳት በማያደርስ መልኩ ነው የሚቀመጠው። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ አይሞላም፤ 8 ሲሆን ግን ከመቶ 5 ይደርሳል። ስለዚህ መመርመሪያው ያው ቁጥር እያሳየ፣ ፒኤቹ ሲወጣ ብቻ ዓሣ ሊሞት ይችላል። እኔ ፒኤችን ትርፍ ነገር አድርጌ ነበር የማየው።

ልጄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ይዛለች። ማታ ማታ ቱቦዎቹን እያየች ቀለማቸውን ትቀባለች። የአሞኒያው ረድፍ በአረንጓዴ ይጀምርና ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ከጎኑ ያለው የናይትራይቱ ረድፍ ለሳምንታት ወይን ጠጅ ብቻ ነው። ያ እርሳስ አልቆ ሌላ ገዛንላት።

ዛሬ እሷ ቀድማ ተኛች። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ በሊትር 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምሬ ነበር፤ ዛሬ በዚያው ሰዓት ለካሁ። አሞኒያው ቢጫ። ከዚያ ለናይትራይቱ አምስት ጠብታ ቱቦው ውስጥ አደረግሁ፣ ነቀነቅሁት፣ ሰዓት ይዤ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። ሰማያዊ! መብራት ሥር ወስጄ አየሁት፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጌ አየሁት። ሰማያዊ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለቱም ዜሮ።

በአንድ ቀን ግን አላምንም። እንደገና በሊትር 2 ሚሊግራም ጨምሬያለሁ። ነገም እንዲሁ ከሆነ ናይትሬቱ በጣም ስለወጣ አብዛኛውን ውሃ እቀይራለሁ፣ ሙቀቱን አስተካክዬ ጥቂት ዓሣ ብቻ አስገባለሁ። የነገውን ከልጄ ጋር ነው የምለካው። ሰማያዊ እርሳሷን ቀርጬ ደብተሯ ላይ አስቀምጬላታለሁ።