ጉልበትህን ሐኪም ይጠግነዋል፣ ወረቀቱን ግን ራስህ ያዝ

የፊት መስመር አጥቂ ነኝ። ከሰፈር ሜዳ ወደ ታዳጊ ቡድን፣ ከዚያ ወደ ተስፋ ቡድን፣ ከዚያ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያ ፕሪሚየር ሊግ። መንገዱን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። ቁርጭምጭሚቴ ተጎዳ፣ ዳነ። የታፋ ጡንቻዬ ተጎዳ፣ ዳነ። የነበርኩበት ክለብ በጀት አጥሮት ተጫዋቾቹን በተነ፣ ሌላ ክለብ ተገኘ። ይሄ ሁሉ ያልፋል።

ያላለፈልኝ የጉልበቴ ጉዳይ ነው። ለወጣት ተጫዋቾች የምጽፈውም ለዚሁ ነው። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ይካሄድ ነበር። ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ጅማ። ቡድኑ ሆቴል ይገባል፣ ዙሩ እስኪያልቅ እዚያው ይከርማል። ቤተሰብህ ሩቅ ነው፣ የምታውቀው ሐኪም ሩቅ ነው። አጠገብህ ያለው የቡድኑ ወጌሻ ብቻ ነው። እኔም የተጎዳሁት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሳለሁ ነው።

ማንም አልነካኝም። ኳስ ተቀበልኩ፣ ቀኝ እግሬን ተክዬ ልዞር ስል ጉልበቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ጧ ሲል ከውስጥ ሰማሁት። ወደቅሁ። ወጌሻው ሮጦ መጣ፣ ስፕሬይ ነፋበት፣ እግሬን አጥፎ ዘረጋው። «ወለምታ ነው፣ ይለቅሃል» አለኝ። እውነትም ሕመሙ ትንሽ ቀለለኝ። ተነስቼ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሮጥኩ በኋላ ጉልበቴ ሲከዳኝ ተቀይሬ ወጣሁ። አውቶቡሳችን ሆቴል ሲደርስ ጉልበቴ ከማበጡ የተነሳ ሎሚው አይታይም ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በተጎዳችሁ በሰዓታት ውስጥ ጉልበት እንዲህ ካበጠ ብዙ ጊዜ ውስጡ ደም ፈሷል ማለት ነው። «ጧ» የሚል ድምፅ ከተጨመረበት ደግሞ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጉልበት ውስጥ ያለው የፊት መስቀለኛ ጅማት ነው። ይሄ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ያለ ንክኪ ነው፤ ሲዞሩ፣ ሲዘሉ፣ በድንገት ሲቆሙ። እኔ ይሄን ያወቅሁት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው። ሊያውቀው የሚገባው ግን ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ነበር።

በማግስቱ አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ራጅ ተነሳሁ። «አጥንቱ ደህና ነው» ተባለ። ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። ጅማቱን የሚያሳየው ኤምአርአይ ያስፈልጋል ያለ ሰው የለም። ወረቀት ጻፉልኝ፦ «የጉልበት ሕመም፣ እረፍት ያስፈልገዋል»። በጨዋታ ላይ መጎዳቴ አልተጠቀሰም። የትኛው ጨዋታ፣ በስንት ደቂቃ፣ ምንም የለም። የቡድን መሪው ወረቀቱን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተው። ያቺ ወረቀት ናት ኋላ ጉድ የሠራችኝ።

ከዚያ ማሸት ተጀመረ። በረዶ፣ ቅባት፣ ማሰሪያ። እብጠቱ ሲጎድል ልምምድ ግባ ተባልኩ። ቀጥታ ስሮጥ ደህና ነኝ፣ ስዞር ይከዳኛል። አሰልጣኙ አጥቂ አጥሮት ነበር። የማስታገሻ መርፌ ወግተውኝ በተቀያሪ ወንበር አስቀመጡኝ፣ አስገቡኝም። በመጨረሻ በራሴ ገንዘብ አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልም አጥንትም ተቀዷል። ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዞ በብዕሩ እያሳየኝ፣ በተበጠሰ ጅማት መጫወት ልም አጥንቱን እንደሚጎዳ ነገረኝ።

ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሄደ። ከራሴ ታፋ ጅማት ወስደው ተኩልኝ። ክራንች፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ላብ። እሱን ችዬዋለሁ።

ያልቻልኩት ቢሮውን ነው።

ደሞዜ ሲቀነስ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ። «በሕመም ፈቃድ ነው የያዝንህ» አለኝ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደሞዝ ነው፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ፣ ቀጣዩ 3 ወር ያለ ደሞዝ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን የመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዩ 3 ወር ከ75 በመቶ የማያንስ፣ የቀረው 6 ወር ከ50 በመቶ የማያንስ ነው። የእኔ ዓይነት ጉዳት ደግሞ በአብዛኛው 9 ወር እና ከዚያ በላይ ይወስዳል። እኔ ማልያ ለብሼ፣ ለክለቡ እየተጫወትኩ፣ በቴሌቪዥን እየታየ ነው የተጎዳሁት። እነሱ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ቆጠሩኝ።

«በጨዋታ ላይ ነው የተጎዳሁት» አልኩት። «የት ተጽፏል?» አለኝ። ያቺን የክሊኒክ ወረቀት ከፋይሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ሊጉ በዲኤስቲቪ በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ቪዲዮው ስልኬ ላይ ነበር። ከፈትኩለት። ስወድቅ ይታያል፣ ወጌሻው ሲሮጥ ይታያል፣ ተቀይሬ ስወጣ ይታያል። አይቶ ሲያበቃ ስልኬን መለሰልኝና «ቪዲዮ የሐኪም ማስረጃ አይሆንም» አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ንዴት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጎል ሳገባ አቅፎኝ የነበረ ሰው ነው።

ከዚያ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ደብዳቤህ መዝገብ ቤት ነው። በክራንች ያን ደረጃ ስንቴ እንደወጣሁት ጥበቃው ያውቃል። በደንብ ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት አንድ የሕግ ባለሙያ ዘመዴ የደሞዝ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ እንደሚታገድ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው እንደሚያልፍ ከነገረኝ በኋላ ነው። «ነገ ና» የሚሉት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በስተመጨረሻ ከፊሉን ከፈሉኝ፤ ውሌም አልቆ ተለያየን።

በቃል የተባለው ገንዘብማ ጭራሽ አልመጣም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ክለቦች የደሞዝ ጣሪያ በወር 50 ሺህ ብር እንዲሆን ከተስማሙ ወዲህ ከውል ውጪ «እናስብልሃለን» የሚባል ነገር ብዙ ሰምቻለሁ። ጤነኛ ሳለህ ያስቡልሃል። ስትጎዳ ያው ጥያቄ ይመጣል፦ የት ተጽፏል?

አሁን ምክሬን ልንገራችሁ። ክለቦች «ያለ እኛ ፈቃድ ውጭ እንዳትታከም» ይላሉ። እኔ ታከም እላለሁ። ጉልበትህ በዚያው ቀን ካበጠ ማንም እንዳያሽህ። በረዶ አድርግ፣ እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ፣ ተበድረህም ቢሆን ኤምአርአይ ተነሳ። ሐኪሙ ሲጽፍ አጠገቡ ቁምና ቀኑን፣ ጨዋታውን፣ ደቂቃውን አስጽፍ። ዋናውን ለማንም አትስጥ፣ ኮፒውን ስጥ። ለክለቡ በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ጽፈህ በቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብለህ ማኅተም አስመታ።

«በስድስት ወር ትመለሳለህ» ለሚልህም ጆሮ አትስጥ። የሊቨርፑሉ ተከላካይ ቫን ዳይክ በጥቅምት 2020 እንደ ፈረንጆቹ ይሄው ጅማት ተጎድቶበት ሜዳ ላይ የታየው በሐምሌ 2021 ነው፤ እሱም በወዳጅነት ጨዋታ። የሊቨርፑልን ያህል ሐኪም የታጠቀ ክለብ ያን ያህል ከታገሠ አንተን ማን ያጣድፍሃል? የተጎዳው እግርህ በጉልበትም በዝላይም ቢያንስ የጤነኛውን 90 በመቶ ሳይደርስ ንክኪ ያለበት ልምምድ አትግባ።

«መስቀለኛ የተበጠሰበትን ማን ይገዛዋል?» የሚሉህም አሉ። ሆላንዳዊው አጥቂ ቫን ኒስትልሮይ በ2000 እንደ ፈረንጆቹ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሊሄድ ሲል በጉልበቱ ምክንያት ዝውውሩ ቀረ፣ ወዲያው ጅማቱ ተበጠሰ። በዓመቱ ዩናይትድ ራሱ ገዛው።

እኔም ሌላ ክለብ አገኘሁ። ከመፈረሜ በፊት ጉልበቴን አስመርምሩ አልኳቸው። በፊፋ ደንብ የተፈረመ ውል በሕክምና ምርመራ ውጤት ላይ ሊንጠለጠል አይችልም፤ ስለዚህ ምርመራው ቀድሞ ማለቅ አለበት። ውጤቱን ከውሉ ጋር አያያዝነው። ከዚያ አንድ አንቀጽ ካልገባ አልፈርምም አልኩ፦ «ተጫዋቹ በልምምድ ወይም በጨዋታ ላይ ጉዳት ቢደርስበት በሥራ ላይ እንደደረሰ ጉዳት ይቆጠራል፤ ክለቡ በ48 ሰዓት ውስጥ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይሰጠዋል።» የቡድን መሪው «እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆን የሚያውቅ ተጫዋች የለም» አለኝ። ፈረመ። ከእኔ በኋላ የፈረሙ ሁለት ልጆችም ያንኑ አንቀጽ አስገብተዋል።