ለመስቀል አገር ቤት ገብቼ የሰማሁት የትምህርት ቤት ጉዳይ

መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ዓለም ገናን፣ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ ስንደርስ፣ መንገዱ ለመስቀል አገር ቤት በሚገቡ ሰዎች ተጨናንቆ ነበር። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር፣ ከቸሃ ወጥቶ አዲስ አበባ የከተመ ነው፤ እኔ ግን ከተማ ተወልጄ ስላደግሁ አገሩን የማውቀው በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ነው። ዘንድሮ ከበዓሉ ሌላ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነበረ። የመንደሩ ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ራቅ ወዳለው ትልቅ ትምህርት ቤት ይዛወሩ ወይስ እዚያው ይቆዩ በሚለው ላይ፣ ነዋሪውና ከከተማ የመጣው ተወላጅ ከበዓሉ በኋላ ባለው እሑድ ተሰብስበው እንደሚመክሩ ሰምቼ ነበር።

ጉብሬን አልፈን እንድብር ከደረስን በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። ትምህርት ቤቱ የሚገኘው ጀፎረው ከሚያልቅበት ላይ ነው። ጀፎረን ለማያውቅ አንባቢ፣ በግራና በቀኝ ጎጆዎች የተደረደሩበት፣ ከጎጆዎቹም ጀርባ የእንሰቱ ማሳ የሚጀምርበት ሰፊ የሣር ጎዳና ነው፤ ለቅሶውም፣ ሠርጉም፣ የልጆች ጨዋታውም፣ የመንደር ሸንጎውም የሚውለው እዚያ ላይ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሦስት ሕንፃዎች የመጀመሪያው ነዋሪው እንጨት ተሸክሞ፣ ጭቃ አቡክቶ የሠራው ነው። ሁለቱ የብሎኬት ሕንፃዎች ደግሞ አዲስ አበባ ያሉ ተወላጆች ባዋጡት ገንዘብ ተሠርተዋል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለዓረፋ ሲገባ ነው። ይህ ልማድ የቆየ ነው፤ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ አባቶች ተሰባስበው ወደ አገራቸው መንገድ ለማስገባት እንደዚሁ ያዋጡ ነበር፣ እኔም የመጣሁት በእነሱ ፈለግ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ክፍሎቹን እየከፈቱ አሳዩኝ። ዴስኩ በቂ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ግን አንድ ቁምሳጥን ሲሆን ቤተ ሙከራ ጨርሶ የለም። በአዲሱ የትምህርት ሥርዓት እስከ 6ኛ ያለው አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ስለሆነ፣ መካከለኛው ደረጃ ለየትምህርቱ የሠለጠነ መምህር ይፈልጋል። በሁለቱ ክፍሎች ያለው ልጅ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ስለመጣ አንድ መምህር ሦስት ትምህርት ደርቦ ያስተምራል። ልጁ የት ይሄዳል ብዬ ስጠይቃቸው ከስም መጥሪያው ላይ አሳዩኝ። ከስሞቹ ትይዩ የቀሪ ምልክት ተደርድሯል። አብዛኞቹ መልቀቂያ ሳይጠይቁ ይሄዳሉ፤ መምህሩ መሄዳቸውን የሚያውቀው ስማቸውን ሲጠራ ጓደኞቻቸው «አዲስ አበባ ሄዷል» ሲሉት ነው።

እሑድ መስከረም 19 ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጀፎረው ላይ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ የጆካ በሚባለው የጉራጌ ባህላዊ የሸንጎ ሥርዓት ያደጉ ስለሆኑ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስለተገለጸው የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልሰማ አልነበረም። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌ ከዚህ ተነሥተው ልጆቹ ይሂዱ አሉ። «እንሰት እኮ በተተከለበት አይቀርም፤ እየተነቀለ፣ ሰፋ ወዳለ ቦታ እየተዛወረ ነው የሚፋፋው» ብለው ብዙ ሰው አስማሙ። አንዲት እናት ግን ተነሥተው በታላቅ አክብሮት መለሱላቸው፤ «አባቴ፣ እውነት ነው ይዛወራል፤ ግን ሥሩ ሳይጠና የሚነቅለው የለም። የ13 ዓመት ልጄን በክረምት ጭቃ ሁለት ሰዓት ሄዳ፣ ሁለት ሰዓት ተመልሳ ተማሪ ብላት ከጥቅምት አታልፍም።» እንሰቱን የሚተክሉት ወንዶቹ ቢሆኑም ፍቀው ቆጮ የሚያደርጉት ሴቶቹ ናቸው፤ ሴት ልጅ ከቤት የምትርቅበት ሰዓት በረዘመ ቁጥር የእናትየው ሥራ እንደሚደራረብና ልጅቷ ከትምህርት የምትቀርበት ምክንያት እንደሚበዛ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቀዋል።

ከከተማ የመጣነው ሰዎች የያዝነው ሐሳብ አራተኛ ሕንፃ ሠርተን ግቢውን በግንብ ማጠር ነበር፤ እኔም ስደግፈው ቆይቻለሁ። ሐሳቤን ያስለወጡኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። በደርግ ዘመን፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል የቆጠሩት እዚሁ ጀፎረ ላይ፣ ዳስ ውስጥ እንደነበረ አስታውሰው፣ ያኔ ሕንፃ ባይኖርም አስተማሪያቸው የሚያድረው ከእነሱ ቤት ስለነበረ ማታ በኩራዝ ጭምር ያስጠናቸው እንደነበር ነገሩን። አሁን መምህራኑ የሚከራዩት ቤት ስለማያገኙ ከእንድብር ይመላለሳሉ፤ ዝናብ በጣለ ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባዶ ይሆናል፣ ሰኞማ አይነሣ። «ክፍሉን ሠርታችሁልናል፣ እግዜር ይስጣችሁ፤ መምህሩ የሚያድርበት ግን የት አለ?» አሉን። ከከተማ ከመጣነው ወዲያው መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

ነገሩን እስከ ማታ አሰላሰልኩት። ሕንፃና አጥር ይታያል፣ ስማችንም በሰሌዳ ይጻፍበታል፤ የመምህር ማደሪያ ግን ማንም መጥቶ አይመርቀውም። ባለፉት ዓመታት ያዋጣነው ገንዘብ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ ለምን እንደሚቀር አንድ ቀን እንኳ እናቶቹን ሳንጠይቅ እኛ የመሰለንን ስንሠራ ኖረናል፣ ይህም ያሳዝነኛል። የመምህራኑ ቁጥር ማነሱ በእኛ አቅም የሚፈታ ስላልሆነ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መልስ ያስፈልገዋል። አራት ወይም አምስት መምህራን የሚያድሩበት ቤት መሥራት ግን ለአራተኛው ሕንፃ ከታሰበው ገንዘብ የሚበልጥ አይደለም። ሽማግሌዎቹም በመጨረሻ የተስማሙት በዚሁ ነው፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል ለጊዜው ባለበት እንዲቆይ ወረዳውን ሊጠይቁ፣ ነዋሪው ከጀፎረው ዳር ቦታና እንጨት ሊሰጥ፣ እኛ ቆርቆሮውን፣ ሲሚንቶውንና የአናጢውን ዋጋ ልንችል። ልጆቹ ይሂዱ ያሉት ሽማግሌ ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ከግቢያቸው ሁለት ባሕር ዛፍ እንዲቆረጥ ግን ከሁሉ ቀድመው ፈቀዱ።

ረቡዕ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ከአጎቱ ጋር የሚሄድ ልጅ ነበር። ከእኛው ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል እንደሆነ ነገረኝ። መልቀቂያ ይዞ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አልያዘም። አጎቱ መርካቶ ሱቅ እንዳለው፣ ሲመቸው የማታ ትምህርት እንደሚያስገባው ነገረኝ፤ ያለ መልቀቂያ የሚቀበለው ትምህርት ቤት እንደማይኖር ሳስረዳው ይህን አላሰበበትም ነበር። ወሊሶ ላይ ለምሳ ስንቆም ለርዕሰ መምህሩ ደወልኩላቸው፤ መልቀቂያውን ጽፈው በሚቀጥለው መኪና ሊልኩልኝ ቃል ገቡ። የልጁን ስም ስነግራቸው ግን ዝም አሉ፤ ጥቂት ቆይተው «ትናንት ጠዋት ስሙን ስጠራ እኮ ክፍል ውስጥ ነበረ» አሉኝ።