ብሩን ከመጠየቃችሁ በፊት የሜዳውን ወረቀት አሳዩኝ

ሰሞኑን የሰፈር ክለብ ልጆች ፕሮፖዛል ይዘው እየመጡ "እስቲ እየው" ይሉኛል። ደስ ይላል። ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ገና ባደገበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ከበላ ወዲህ ጅማ ውስጥ አካዳሚ የመክፈት ሐሳብ የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ፕሮፖዛሉ ላይ ሁሉም አለ። ሰው ሠራሽ ሳር፣ መብራት፣ መልበሻ ክፍል፣ ክረምት ላይ ውሃ የማይተኛበት ሜዳ (ሐምሌ ላይ እዚህ የተጫወተ ሰው ይቺ የመጨረሻዋ ለምን እንደገባች አይጠይቅም)። የጠፋው መሬቱ የማን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ነው።

ገንዘብ ሰጪው ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ምክንያቱም ብሩ መሬቱ ላይ ነው የሚቀረው። ነገ ክለቡ ውጣ ቢባል ሳሩን ጠቅልሎ፣ ማፍሰሻ ቱቦውን ቆፍሮ አውጥቶ አይሄድም። እንግሊዝ አገር ብዙ ክለቦች ሜዳቸውን የሚከራዩት ከአካባቢው ምክር ቤት ነው። እዚያ ለማዘውተሪያ ስፍራ ድጋፍ ስትጠይቅ ኪራዩ ስንት ዓመት ይቀረዋል፣ ባለቤቱ ውሉን በመሐል ማፍረስ ይችላል ወይ፣ ውሉ በክለቡ ስም ነው ወይስ በሰው ስም ብለው ያፋጥጡሃል። አይፈረድባቸውም።

ባለፈው አንዱ ክለብ "እኛ እኮ ወረቀት አለን" ብሎ አመጣልኝ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ማህተሙ ደምቋል። ግን የተጻፈው ለክለቡ ሳይሆን በስሙ ለቀድሞው አሰልጣኝ ነው፤ አሰልጣኙ ደግሞ ከተማውን ከለቀቀ ቆይቷል። የሜዳው ስፋት የለም፣ ወሰኑ የለም፣ እስከ መቼ እንደሆነ የለም። በዚህ ኳስ መጫወት ይቻላል። ሚሊዮን ብር መጠየቅ ግን አይቻልም።

"ታዲያ በራሳችን ስም ሊዝ እንውሰዳ!" የሚል አይጠፋም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ መግዛት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የመጠቀም መብት ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለባህልና ለስፖርት አዲስ አበባ ላይ እስከ 90 ዓመት፣ ሌሎች ከተሞች ላይ እስከ 99 ዓመት ፈቅዷል። ዘመኑ እንግዲህ ማንንም ገንዘብ ሰጪ ያጠግባል። ችግሩ ወዲህ ነው። በዚያው አዋጅ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም፣ ግንባታውም የመጀመሪያና የመጨረሻ ጊዜ አለው፤ አነስተኛ ግንባታ በ24 ወር ማለቅ አለበት፣ ካልሆነ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። አያችሁ? ድጋፍ ለማግኘት መሬት ይፈልጋሉ፣ መሬቱን ይዞ ለመቆየት ደግሞ ድጋፉ ቀድሞ መምጣት አለበት። ከወር መዋጮ ማሊያ የሚገዛ ክለብ እዚህ ውስጥ ገብቶ ባይንጨረጨር ይሻለዋል።

ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ካርታ ያለውን ሰው ተጠጉ። ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፣ ማዘጋጃ ቤቱም ሊሆን ይችላል። ይዞታው የእነሱ ይሁን፣ እናንተ የረጅም ጊዜ የመጠቀሚያ ውል ያዙ፤ ማመልከቻውንም አብራችሁ አስገቡ። ርዕሰ መምህሩ በቃል "ችግር የለም፣ ተጫወቱ" ማለታቸው ጥሩ ነው፣ እሳቸው የተቀየሩ ቀን ግን ቃሉም አብሮ ይቀየራል። ውሉ ላይ የተመዘገበው የክለቡ ስም ይኑር። የይዞታ ማረጋገጫው ቁጥር ይግባ፣ ዓመቱ ይጻፍ፣ ተማሪዎቹ መቼ እናንተ መቼ እንደምትጠቀሙ ይለይ፣ ማፍሰሻው ሲደፈን ማን እንደሚያሠራ ይታወቅ። ከሁሉም በላይ ባለይዞታው ድንገት ውሉን ላፍርስ ቢል ስንት ወር ቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበትና የተሠራው ነገር ምን እንደሚሆን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። እዚህ ላይ ሰው ያፍራል፣ "ገና ሳንጀምር ስለ መለያየት?" ይላል። ገንዘብ ሰጪው ግን አያፍርም፣ ይጠይቃል።

ደግሞ የሚፈርመው ሰው ሥልጣን እንዳለው አጣሩ። ክለቡን ወክሎ የሚፈርመውም በቃለ ጉባኤ ይወከል። ይኼን ከጨረሳችሁ ፕሮፖዛሉን መልሳችሁ ላኩልኝ፣ የሳሩን ዋጋ ያኔ እንከራከርበታለን፤ አሁን የጻፋችሁት ትንሽ በዝቷል።